ሽብሽብ ወይስ እራፊ

ድሬ ላይ በሙቀቱ ወራት ፍራሹን አውጥቶ ግቢ የሚተኛን ሰው ማንም ለምን አይለውም። እኔም ሙቀቱን ሰበብ አድርጌ ወጣሁ። ኅዳር ገብቶ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እኔ እዚያው ቀረሁ። ሚስቴ ሌላ ሴት ይዟል ብላ አኮረፈች። ሌላ ሴት! እኔ ለአንዷም አልሆንኩ።

እውነቱ ይኼ ነው፤ ብልቴ ላይ ጠጣር ነገር ወጣና ሲቆም ይጣመም ጀመር። ሕመሙ ቆይቶ ተወኝ፣ መጣመሙ ግን ባሰበት። ይኼ ለማን ይነገራል? ጅል አይደለሁ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ቅቤ ይዞ ሊያሸኝ ሲነሳ ሱሪዬን ጨብጬ ወጣሁ።

በመጨረሻ ከዚራ ሰፈር ያለ ሐኪም አየኝ። ውስጡ የተፈጠረ ጠባሳ ነው፣ ክፉ በሽታ አይደለም አለኝ። መጣመሙ ባለበት ከቆመ ወራት ስላለፉ ቀዶ ጥገና ይቻላል። አንዱ መንገድ ረጅሙን ወገን ሸብሽቦ መስፋት ነው፤ ይቃናል፣ ግን ትንሽ ያጥራል። ሌላው ጠባሳውን ቀዶ እራፊ መጣፍ ነው፤ ርዝመቱን ብዙም አይነካም፣ ግን ሊያደነዝዝ ወይም ሊያልፈሰፍስ ይችላል። ጨርሶ ለማይቆምለት ደግሞ ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ አለ፤ አንተ ግን እሱ ጋ አልደረስክም አለኝ።

ቀፊራ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሽብሽብ እንደሚበረክት አውቃለሁ፤ እራፊ አላምንም። ግን «ያጥራል» ሲል ወገቤን ቆረጠኝ። እሷ አኩርፋለች፣ ጭራሽ አጥሬ ልምጣላት? ሐኪሙ ከሚስትህ ጋር ተመካከር ሲለኝ እውነቴን ነው፣ ጅቡቲ መጥፋት አማረኝ።

ያም ሆኖ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ተቆጣች፤ እናቷ ቤት ልትገባ ልብሷን ሸክፋ እንደነበር ያኔ ሰማሁ። በነጋታው እጄን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችኝና ተሸበሸበልኝ።

ለጎረቤት ቡአ ነው አልን። ብርቱካን ይዘው ጠየቁኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሐኪሙ ታገሥ ያለኝን ያህል ታገሥኩ። ቀጥ ብሏል፤ እንዳለውም ትንሽ አጥሯል። ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቃለሁ!

አንድ ቀን ግን አላስችል አለኝና አጥሮብሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አቦ፣ እኔ ያጣሁት አንተን ነበር» አለችኝ። «ሌላውን ማን ለካው?»