ስፒል በስልክ ስትፈተን

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የታችኛው ከንፈሯ ነው። መሃሉ ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉት፤ ልብስ ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ስለምትይዝ የቀሩ ምልክቶች ናቸው። ሰፈሩም ስሟን ትቶ "ስፒል" አላት። አፏ ተሞልቶ ስለሚውል ለደንበኛ እንኳ የምትመልሰው በቅንድቧ ነው። ይህች ልጅ ናት እንግዲህ ቴአትር ልማር ብላ ሩቅ ከተማ ላለ ኮሌጅ ያመለከተችው!

"ተዋናይ? አንቺ?" አለቻት ያሳደገቻት አክስቷ፣ የምትሠራበት ስፌት ቤት ባለቤት። "በቅንድብሽ ልትተውኚ ነው?"

ፈተናው በስልክ ቪዲዮ ነበር። ከራስ እስከ እግር መታየት ግድ ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ስፋት ያለው ደግሞ ስፌት ቤቱ ብቻ ነው። አክስቷ እያጉረመረመች ቦርሳዋን አንግታ ወጣችላት። ስፒል ስልኩን ልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ደረት ላይ በላስቲክ አስራ ፊት ለፊቱ ቆመች። ጉድ እኮ ነው! ራስ የሌለው አሻንጉሊት ሁለት ፈታኞችን ደረቱ ላይ ተሸክሞ አፍጥጦባታል።

"ብቻሽን ነሽ?" አሉ መነጽር ያደረጉት ፈታኝ። "ሌላ ሰው ከተገኘ ፈተናው ይሰረዛል።"

"ብቻዬን ነኝ።"

ስፒል ከአንድ ቴአትር ያጠናችውን፣ ልጇን የቀበረች እናት የምትናገረውን ንግግር ጀመረች። ድምጿ ከጥርሷ አላለፈም።

"አፍሽን ክፈቺ እንጂ! የምታወሪው ለእኛ ነው ለጉሮሮሽ?"

እንደገና ስትጀምር ከጀርባዋ የስፌት መኪና ተንጣጣ። አክስቷ በጓሮ በር ተመልሳ ፔዳሉን ትረግጣለች።

"እትዬ፣ ተይ በናትሽ!"

"ሥራ አለብኝ። የሰው ልብስ ቀኑ ደርሷል።"

"የምን ልብስ? ባዶ መኪና እኮ ነው የምትረግጪው! እንዳልሄድብሽ ነው አይደል? አፌን በስፒል ሞልተሽ አሳደግሽኝ፤ ዛሬ ስከፍተው አመመሽ?"

መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤቶችም በመስኮት አንገታቸውን አሰገጉ። ይህ ሁሉ ድምፅ የት ተኝቶ ኖሯል? ራሷም ደነገጠች።

"እናትሽ ጥላሽ ስትሄድ ማን አቀፈሽ?" አክስቲቱ ተነስታ ቆመች። "ቴአትር ነው ያቀፈሽ?"

ከአሻንጉሊቱ ደረት ጭብጨባ ተሰማ። "ይሄ ነው!" አሉ ሴቷ ፈታኝ።

"ይሄ ማጭበርበር ነው" አሉ ባለመነጽሩ። "ሁለተኛ ተዋናይ ደብቀሻል።"

"አክስቴ ናት! እውነተኛ ጠብ ነው!"

"እመቤት፣ እርስዎ ይንገሩን" አሉ ባለመነጽሩ አክስቲቱን። "ሳታውቅ ገብተውባት ከሆነ ሌላ ቀን እንፈትናታለን። ተለማምዳችሁበታል?"

ስፒል አክስቷን አየቻት። አንድ "የለም" ብቻ ነበር የምትፈልገው። አክስቲቱ ጸጉሯን አስተካክላ ወደ ስልኩ ተጠጋችና ፈገግ አለች። ያን የመሰለ ፈገግታ ለደንበኛም ሰጥታ አታውቅም።

"ስንለማመደው ነው የከረምነው፣ ጌታዬ። ገብተሽ መኪናውን ርገጪ ያለችኝ እሷው ናት።"

"እርስዎ ቢያመለክቱ ይሻል ነበር" አሉ ባለመነጽሩ። ስክሪኑ ጠፋ።

"ለአንቺው ብዬ ነው" አለች አክስቲቱ፣ ፊቷን ሳታዞር። "ነይ ቁጭ በይ። ያቺ ሙሽራ ልትመጣ ነው፤ የቀሚሷ ጫፍ ገና ነው።"

"አንቺው ስፊላት።" ስፒል ስልኩን ከላስቲኩ ፈልቅቃ ወሰደች።

"የት ልትደርሺ ነው?"

"ኮሌጁ ድረስ። በራቸው ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።"

"ማን ሊሰማሽ!"

"ጎረቤቱ ሁሉ ሲሰማኝ አላየሽም?"

በሩን አልዘጋችውም። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረደች፤ ስትሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትላቸውን ከአሁኑ ጀምራዋለች።