ቆቡ አጥር ውስጥ ነበር

ዳኤንግ ጃሬ ከኢንዶኔዥያዋ ማካሳር ከተማ በስተደቡብ፣ ባሕር ዳር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትበልትና በጨው ስታሽ የኖረች ሴት ናት። ምላሷም እንደ ቢላዋዋ ነው። ሟቹ አባቷ አገሬው ሲሪ የሚለው ክብር ሰው ባያይ እንኳ በራሱ የሚያፍር ልብ መሆኑን ነግሯታል። ሲሪ ያለው ሰው ያልደከመበትን አይበላም፣ የተማጸነውን ሰው አይነካም።

ዛሬ ግን ጎረምሳ ሁሉ ሰው በወጋ ቁጥር "ይሄ ነው ሲሪ ያለው!" ተብሎ ይጨበጨብለታል። ጃሬን የሚያንገበግባት ይህ ነው።

ሴት ልጇ ቦሎ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ራፒ ከሚባል ጎረምሳ ጋር ከኮበለለች ወዲህ ወንድሟን ሳንግካላን አብረውት መረብ የሚጥሉት ጓደኞቹ አላስቀምጥ አሉት። "እህትህን ወስዶብህ ዝም? ሲሪ የለህም፤ ቀሚስ ልበስ!"

"እማ፣ ሲሪያችንን ልመልስ ነው" አላት አንድ ጠዋት፣ ጩቤውን እየሳለ።

"ሲሪ እሱ አይደለም፣ አንተ ደንቆሮ!"

"አገር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ሁሉም ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ?"

"አዎ! እኔ ብቻ!"

ራፒ ለእርቅ የመጣ ቀን ሳንግካላ መንገድ ላይ ጠበቀው። እንደ አገሩ ልማድ ኮብላይ የመንደሩ ኢማም ግቢ ከገባ አይነካም፤ መግባት ቢያቅተው እንኳ ቆቡን አጥር ካሻገረ ተማጽኗል። ራፒ ሮጠ፣ ሊያዝ ሲል ቆቡን ወረወረ። ቆቡ ከኢማሙ ዶሮዎች መሀል ወደቀ።

"ገብቷል! ተወው!" ብላ ከኋላ የደረሰችው ጃሬ የሳንግካላ ክንድ ላይ ተንጠለጠለች። ልጇ በክርኑ አፏን መትቶ ጣላት። ራፒን ጎኑን ወጋው፣ ደግሞ አንገቱን። ራፒ አጥሩን እንደያዘ ሞተ።

ፖሊስ ሲመጣ ዙሪያውን የቆመው ያ ሁሉ ሰው "ምንም አላየሁም" አለ። ጃሬ የአፏን ደም ጠረገች።

"እኔ አይቻለሁ። ልጄ ነው።"

"ልጇን ሸጠች! ሲሪ የሌላት!" ተጮኸባት።

"ስላለኝ ነው" አለች። የሰማት የለም። እስከ ዛሬ ገበያው የሚጠራት "ሲሪ የሌላት" እያለ ነው፤ ያቃጥላታል።

እስር ቤት ስንቅ ይዛ ስትሄድ ሳንግካላ ሁልጊዜ ደረቱን ነፍቶ ይቀበላት ነበር። አንድ ቀን ግን ምግቡን ገፋ አደረገው።

"እማ… ቆቡ ሲገባ አይቼው ነበር እኮ።"

ከዚያ በራሱ አፍሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ጃሬ ልጇን ካጣችው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አገኘችው።