የቡና ገለባው ብርሃንና የእትዬ ጉድጓድ

ቴፒ ውስጥ ለምርምሬ ጎድሎብኝ የማያውቀው ነገር ጨለማ ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ባልደረቦቼ ሲራገሙ እኔ ወደ ቤተ ሙከራ እሮጣለሁ። ከቡና ገለባ ያወጣሁት፣ ናኖ የሚሉት እጅግ ደቃቅ ብናኝ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት መብራት ሲታይ ሰማያዊ ያበራል። ውሃው ውስጥ እርሳስን የመሰለ መርዛም ብረት ካለ ግን፣ እጅግ ጥቂትም ቢሆን፣ ብርሃኑ ይጠፋል። መብራቱን ያዋሰኝ ባለሱቅ ባየኝ ቁጥር "ብር ማተም ጀመርሽ እንዴ?" ይለኛል።

ምርምሬን የሚያዩ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ የመጡ ዕለት የተጣራ ውሃ አልቆብኝ ነበር። ሳላመነታ ከአከራዬ ከእትዬ ጉድጓድ ቀዳሁ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይመጣል፣ እትዬም ሳንቲም አይቀበሉም። እንደሱ ኩልል ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም።

ብናኙን ጨመርኩ። ጨለማ። ደገምኩ። አሁንም ጨለማ። አንደኛው ገምጋሚ "ጨለማውንስ በሚገባ ለይቷል" አሉ። ተሳሳቁ፣ የቴፒ ቡናቸውን ገዝተው ሄዱ። እኔ ቤቴ ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ እትዬ።

"አይሠራም እትዬ፤ የማይረባ ነገር ነው" አልኳቸው።

በማግስቱ ዘነበ፤ ቴፒ ነውና ይህ ዜና አይደለም። ብናኙን ከመድፋቴ በፊት ሜዳ ላይ ባኖርኩት ሳህን የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ሞከርኩ። ቦግ አለ! ብቻዬን ጨፈርኩ። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ጋራዥ እርሳስ ያለበት የአሮጌ ባትሪ ውሃ የሚደፋ መሆኑ ትዝ ያለኝ ጨፍሬ ስጨርስ ነው። ያንን ውሃ እኔም ስጠጣው ነው የኖርኩት።

እየሮጥኩ ሄድኩ። "እትዬ፣ በደንብ እስኪመረመር ከጉድጓዱ አይጠጡ። ሰውም አይቅዳ። መሣሪያዬ ልክ ነበር።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ትናንት አይሠራም ብለሽ ስታለቅሺ ያባበልኩሽ እኔ አይደለሁም? እነዚያ የተማሩት ሰዎችም አይሠራም ብለዋል። ዛሬ የባለቤቴን ውሃ ለማማት ሲሆን መሥራት ጀመረ?"

ምስክራቸው እኔው ነኝ። ፈራሁላቸው፣ ልለምናቸውም አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን የጉድጓዱን ውሃ ከያዘው ጆግ አንድ ብርጭቆ ሞልተው ቀዱና ዓይን ዓይኔን እያዩ ጭልጥ አድርገው ጠጡት።