ሎሚዋ የጠጣችው

መጀመሪያ የታመመው አንድ ቅጠል ብቻ ነበር። አቧራ ሳራግፍ አየሁት። ጫፉ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። በጣቴ ልዘረጋው ስሞክር ተሰበረ። ቆርጬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ይህን የምጽፈው ቤት ውስጥ ተክል ኖሯቸው ቅጠሉ ሲጠቀለል ለሚጨነቁ ሰዎች ነው። በቤት ሠራተኛነት የምሠራው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እትዬ አስካለ በሚባሉ እናት ቤት ነው። እትዬ ዕድሜያቸውን የኖሩት ጌጃ ሰፈር ነበር። ግቢያቸው ሲፈርስ ከትልቁ የሎሚ ዛፍ ሥር የበቀለችውን ችግኝ በቀለም ባልዲ ተክለው ይዘው ወጡ። ዛፉ እዚያው ቀረ፤ ችግኟ ሳሎን ገባች። አሁን ቁመቷ ደረቴ ድረስ ነው።

እትዬ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ደረጃውን በቃሬዛ ሲያወርዷቸው እጄን ያዙኝ።

«ሎሚዬን አደራ» አሉኝ። «ከዚያ ግቢ የቀረችኝ እሷ ናት።»

ከሆስፒታል ሲወጡ ልጃቸው ደረጃ ወደሌለው ቤቷ ወሰደቻቸው። እሑድ እሑድ ይደውላሉ። «ሎሚዬ ደህና ናት?» ይላሉ። «ደህና ናት፣ እትዬ» እላለሁ። ያንን ቅጠል የቆረጥኩ ሳምንትም እንደዚሁ አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የተጠቀለሉት ሦስት ሆኑ። በሦስተኛው መቁጠሩን ተውኩት። ከላይ የወጡት ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ቀረ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ቅጠል ወድቋል። አነሳለሁ። ፌስታል ውስጥ እደብቃለሁ። እትዬ ይቆጡኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት፤ ተቆጥተውኝ አያውቁም። የፈራሁት ዝም እንዳይሉ ነው።

ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሙባረክ የሚባል ወጣት አለ። እርሻ ኮሌጅ ስለተማረ የታክሲ ረዳቶቹ «ዶክተር» ይሉታል። ሰው ማናገር ይከብደኛል። ሦስት ቀን አጠገቡ ደርሼ አለፍኩ። በአራተኛው ቀን እሱ ራሱ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ጽጌረዳዬን በየቀኑ እየገላመጥሽ ታልፊያለሽ። ምን አደረገችሽ?»

ከኪሴ ቅጠሉን አወጣሁ። «ዶክተር ይሉሃል» አልኩት።

«ኧረ ተዪኝ። ትናንት አንዱ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አሳየኝ።» ቅጠሉን አገላበጠው። «በአንድ ቅጠል አይታወቅም። ነገ መጥቼ አያታለሁ።»

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፣ ልብ በሉት። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፤ እኔም አጸዳሁ። የተጠቀለሉትንና ቢጫ የሆኑትን ለጋ ቅጠሎች በመቀስ ቆርጬ ፌስታሉ ውስጥ ጨመርኩ። የቀሩትን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ጋግሮ ነበር፤ በማንኪያ ፍቄ ጣልኩና ከታች ከግቢው ጥቁር አፈር አምጥቼ አለበስኩት። ሙባረክ ሲመጣ ሎሚዋ ሳስታለች እንጂ ታማለች አትባልም ነበር።

«ምን ውሃ ነው የምታጠጫት?» አለኝ።

«የቧንቧ» አልኩ።

ውሸት ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ በበርሜል እናጠራቅማለን። የልብስ እጣቢ በከንቱ አይደፋም። ጌጃ ሰፈር እያሉ እትዬ እጣቢውን የሎሚው ዛፍ ሥር ይደፉት ነበር፤ ዛፉም ጎረቤት ሁሉ እስኪተርፈው ያፈራ ነበር። እኔም ለባልዲዋ ሎሚ እንደዚያው አደረግኩ። እትዬ ከሄዱ ወዲህ ደግሞ ሥራ ስለቀለለኝ መጋረጃውን፣ ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውን ሁሉ አጠብኩ። በረኪና ያለበትም ነበር። በተማረ ሰው ፊት ቆሻሻ ውሃ ነው የማጠጣት ለማለት አፈርኩ።

«እንግዲህ ርቧታል» አለ። «ናይትሮጅን አንሷታል።» ዩሪያ ማዳበሪያ በውሃ በጥብጬ እንድሰጣት አዘዘኝ። ልክ እንዳለኝ አደረግኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠርዞቹ ሁሉ ተቃጠሉ። ሳይነኳት ትረግፋለች። ሃያ አንድ ቅጠል ቀረ። ከዚያ ዘጠኝ። ከዚያ አራት። እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«ሎሚዬ ደህና ናት?»

አራቱን ቅጠሎች እንደገና ቆጠርኩ።

«ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

«ደህና ናት» አልኩ።

«ጎሽ። በወሩ መጨረሻ ቤቴ እገባለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። የደበቅኩትን ፌስታል ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ሙባረክ ጋ ስደርስ ሰላም ሳልለው ፌስታሉን ባነጠፈው ጆንያ ላይ ገለበጥኩት። ቁጢጥ ብሎ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለየ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያን ቀን የነገረኝን ግን አንዱንም አልረሳሁም።

«የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ናይትሮጅን አንሶት ነው። ለጋው ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ሲቀር አይረን፣ ብረት አንሶት ነው። ጫፉና ጠርዙ ሲቃጠል ጨው በዝቶበት ነው። ይኼን ሁሉ ለምን አላሳየሽኝም?»

«ጠርጌው ነበር።»

«አፈሩ ላይ ነጭ ነገር አልነበረም?»

«ፍቄው ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ የመረመርኩት ያንቺን ጽዳት ነው እንጂ ሎሚዋን አይደለም።» ቅጠሉን አስቀመጠ። «በጣቴ አፈሩን መቆፈር ነበረብኝ፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የጠጣችው?»

«እጣቢ» አልኩ። «በረኪና ያለበትም።»

አልሳቀም። መሬት ላይ ያለ ዛፍ ዝናብ ያጥበዋል፤ ባልዲ ግን ቀዳዳ ከሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል አለኝ። ሳሙናው የአፈሩን ኮምጣጣነት አጥፍቶ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ አይረን እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። «ምግቡ ፊቷ ተቀምጦ አፏ ታስሯል። እኔ ደግሞ ዩሪያ ጨመርኩባት።»

«ትሞታለች?»

«አላውቅም። ግንዷን በጥፍርሽ ትንሽ ጫሪው። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ገና አለች።»

ቤት ገብቼ ጫርኩ። አረንጓዴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እንጂ መድኃኒት አይደለም። የጋለ ምስማር ይዤ የባልዲውን ቂጥ አምስት ቦታ በሳሁና መታጠቢያ ቤት አስገብቼ፣ ከበርሜሉ ንጹሕ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ እያፈሰስኩ ከታች አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አጠብኳት፤ በሚቀጥለው የውሃ ቀን ደገምኩት፤ የዚያን ሳምንት እኔ ራሴ ገላዬን የታጠብኩት በአንድ ጣሳ ነው። ሙባረክ የላይኛውን አፈር አንስቶ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ቀላቀለልኝ፣ ለጋ እስኪወጣ ምንም ማዳበሪያ እንዳላሳያት አስጠነቀቀኝ፣ ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ ደረቅ ካላገኘ በቀር ውሃ እንዳልሰጣት ነገረኝ። ቀናቱ ረዘሙብኝ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ቅጠል በረገፈበት ቦታ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አየሁ፤ እስክትከፈት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ በባለ አራት እግር ምርኩዝ ሲገቡ ሎሚዋ ስድስት ትንንሽ ቅጠል ነበራት። ቀድሜ ተናገርኩ። እጣቢውን፣ መቀሱን፣ ማንኪያውን፣ በስልክ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም። የፈራሁት ያው ዝምታ መጣ።

«እጣቢ ማጠጣቱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ከቦርሳቸው የተቋጠረ ፌስታል አወጡ። የሽፈራው፣ የሞሪንጋ ቅጠል ዱቄት ነው። «ይኼን ከደም ግፊት ክኒኑ ጋር ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። የወደቅኩ ዕለት ዞሮብኝ ነበር፤ አሁንም ያዞረኛል። ሐኪሙ ይስቅብኛል ብዬ አልነገርኩትም። ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ ግቢ። እኔ ካቃተኝ አንቺ ንገሪው።»

ሰኞ እትዬ አቃታቸው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እኔ ተናገርኩ። ድምፄ ስላነሰ ሐኪሙ ሁለቴ አስደገመኝ። አልሳቀም። «ይኼም ራሱ ግፊት ዝቅ ያደርጋል፤ ማዞሩ ከዚህ ሊሆን ይችላል» አለ። «እማማ፣ ይኼን ያቁሙ። በየሳምንቱ ግፊትዎን እንለካለን።» ስንወጣ እትዬ ክንዴን ይዘው ነበር።

ሙባረክን አመሰግናለሁ፤ ጥፋቱን አብሮኝ ስለተካፈለ። እናንተም ቅጠሉ ሲጠቀለል ባልዲው ቀዳዳ እንዳለው እዩ። የታመመው አሮጌው ይሁን ለጋው ለዩ። የረገፈውን አትጣሉ። የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ አታጽዱት፤ ምን እንደጠጣም ሳታፍሩ ተናገሩ።

ሎሚዋ አሁን አሥራ አራት ቅጠል አላት። ዛሬ ጠዋት የአንዱ ጠርዝ ትንሽ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አልቆረጥኩትም። እትዬ ሲነሱ እንዲያዩት ባልዲውን ወደ እሳቸው ወንበር አዙሬዋለሁ።