የአይናለም የማያጓሩ ሣጥኖች

የልጄ ልጅ አይናለም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግን ነበር። አብሬያት ስለምኖር ሥራዋን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ሁሉ ያጓራል። የሚያጓራው በውስጡ ያለው ማራገቢያ ነው። ሙቀቱን ያወጣል፤ በምትኩ አቧራ ያስገባል። አቧራው ሲበዛ ማሽኑ ይሞታል፤ አይናለምም ትጠራለች። እንጀራዋ ይኸው ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ግን የማያጓራ ልሥራ ብላ ተነሣች። የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩት አቶ ደረሰ ተማሪው የትምህርቱን ቪዲዮ እያቆመ እንዲያይ ፈልገው ነበር፤ የፕላዝማው አስተማሪ ማንንም አይጠብቅምና። ታዲያ አንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር ሲያጓራ ወፍጮ ቤት እንጂ ትምህርት ቤት አይሆንም።

ሐሳቧ ይህ ነው። አንድ ትልቅ ማሽን ጓዳ ተቀምጦ ለሁሉም ያስባል። ጠረጴዛ ላይ ያሉት ትንንሽ ሣጥኖች በሽቦ የመጣላቸውን ያሳያሉ እንጂ አያስቡም። ጽሑፍ ሲሆን ቀላል ነው። ቪዲዮ ግን ተዘርግቶ ከመጣ ሽቦው አይችለውም። ስለዚህ ተጨምቆ፣ እንደ ልብስ ታጥፎ እንዲመጣና ሣጥኑ ራሱ እንዲዘረጋው አደረገች። መዘርጋቱ ደግሞ ያሞቃል፤ ማራገቢያ የለም። ሙቀቱ በክዳኑ እንዲወጣ ቡሬ ያለው ብረት ሠሪ ጠሃ የአሉሚኒየም ክዳን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እያወጣ ሠራላት።

አቶ ደረሰ ነገር አያበዙም። ሣጥኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳያቆም ካሳየ የክፍሉን ሣጥን ሁሉ እሷ ትሠራለች፤ ካቆመ የሚያጓራውን ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ።

በሙከራው ዕለት እኔም ሄድኩ። የክፍሉ ጠባቂ እታለም እንግዳ ይመጣል መባሉን ሰምታ ሣጥኖቹን ሁሉ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አልብሳቸዋለች። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ራቁቱን እንግዳ ፊት አይቀርብም። አይናለም ጓዳ ሆና ትልቁን ማሽን ስታስነሣ ስለነበር አላየችም። የገባው ሰው ሁሉ አምሮባቸዋል አለ።

ትምህርቱ ስለ አንበጣ ሆድ ዕቃ ነበር። አንዱ እንግዳ ጆሮውን ወደ ሣጥኑ አስጠግቶ ምንም ድምፅ ቢያጣ መሥራቱን ተጠራጠረ። ትምህርቱ እኩሌታ ሲደርስ የቪዲዮው አስተማሪ እንደ ሰካራም መንተባተብ ጀመረ፤ ከዚያም አፉን እንደከፈተ ቀረ።

አይናለም ከጓዳ ወጥታ ዳንቴሉን ዳሰሰች።

«እትዬ እታለም፣ ልብሱን ላውልቅለት?»

«በሰው ፊት?»

«ትኩሳት ይዞታል።»

እታለም ራሷ መጥታ ዳሰሰች። ዳንቴሎቹን ሁሉ እያነሣች፣ እያጠፈች ታቀፈቻቸው። ጥቂት ቆይቶ አስተማሪው ካቆመበት ቀጠለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አቶ ደረሰ አላጨበጨቡም።

«ቆሟል» አሉ። «እንደገና ከመጀመሪያው።»

የአንበጣውን ሆድ ዕቃ እንደ አዲስ ተመለከትን። ማንም አልወጣም። አይናለም ስክሪኑን ትታ ክዳኖቹን ብቻ ትመለከት ነበር። ሳያቆም አለቀ። አቶ ደረሰ በአንበጣው ላይ ጥያቄ ያለው እንዳለ ጠየቁ፤ ጠያቂ ሲጠፋ ወደ አይናለም ዞረው ሥራሽን ጀምሪ አሏት።

በማግስቱ ቡሬ ሄዳ ክዳኑን እንደ ጎጆ ጣራ አሹልልኝ ብትለው ጠሃ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ለምን?»

«ዳንቴል እንዳይቆምበት።»

«ሰዎቹን አታልብሱ ብትያቸውስ?»

አይናለም አሰበችበት።

«ክዳኑን መቀየር ይቀላል» አለችው።