ምልክት የሌለው የገና ዱላ

ባለፈው ቅዳሜ ወገዳ ከተማ፣ ከገበያው ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጎረምሶቹ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠው ይከራከራሉ። የሚደግፉት የእግር ኳስ ቡድን አዲስ አሠልጣኝ ቀጥሯል፤ ሰውየው ደግሞ ዕድሜውን የፈጀው በባላንጣቸው ቤት ነው አሉ። «ልምድ አለው እኮ» ይላል አንዱ። «ልምዱማ ለእነሱ ነው፤ እኛን ሊያፈርስ ነው የመጣ» ይላል ሌላው። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኔ ዞረና «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ይሸጠናል ወይስ አይሸጠንም?» አለኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ልጁ ያስቀየመኝ መስሎት ደነገጠ። እኔ ግን እሱን አልነበረም የማየው፤ የማየው አያ ውብነህን ነበር።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ እኔም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። የእኛ ደብር ጊዮርጊስ ከተረተሩ ላይ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ሚካኤሎች አሉ። በየዓመቱ በገና ዕለት፣ ጦም ተፈትቶ ሰው ዶሮውንና ጠላውን ከቀመሰ በኋላ፣ ከወንዙ ዳር ባለው መስክ እንገናኛለን። ጫፉ ቆልማማ የሆነ ዱላ ይዘን፣ እሩር የምንላትን ከእንጨት የተጠረበች ኳስ እየመታን ከባላጋራ ድንበር ማሻገር ነው ጨዋታው። የተሸነፈ ደብር እስከሚቀጥለው ገና ድረስ የአሸናፊውን የስድብ ዘፈን ይሰማል፤ ገበያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ከለቅሶ ሲመለስ ሳይቀር። እኛ ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈን ነበር። ከመቺዎቹ ሁሉ እኔ ስለምሻል ዘፈኑ በእኔ ቀጫጭን እግሮች ላይ ይበረታ ነበር፤ ስንቱን ቅዳሜ ገበያ የቀረሁት በእሱ ሰበብ ነው።

ያሸነፉን አያ ውብነህ ናቸው ማለት ይቻላል። ብዙ ዘመን የሚካኤሎች የገና አባት ነበሩ። (ያኔ የገና አባት ስንል ቀይ የለበሰውን፣ አሁን በየሱቁ የሚሰቀለውን ጢማም ማለታችን አይደለም። ቡድኑን የሚመራ፣ ማን የት እንደሚቆም የሚያዝ ሰው ማለታችን ነው።) ሚስታቸው ስትሞትባቸው እኛ ደብር ካገባችው ልጃቸው ዘንድ መጥተው መኖር ጀመሩ። የሰንበቴያችን ሰብሳቢ፣ ሙሴው፣ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ ሄዶ ቡድናችንን ምሩልን አላቸው። እህልም ብርም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሰንበቴ መግባት።

ሰንበቴ ማለት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ዳቦና ጠላ መቅመስ ብቻ አይደለም። ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ የሚቀብር ወገን ማግኘት ነው። ባዕድ አገር ላረጀ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ሙሴውም «ገና ይለፍ፣ በሥራዎ እናይዎታለን» አላቸው። አነጋገሩ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔና ጓደኛዬ ይርጋ ከመጀመሪያው ቀን አላመናቸውም። የገብሱ ውቂያ እንዳለቀ ሰበሰቡንና ሳምንት ሙሉ ያለ እሩር በቃርሚያው ላይ አስሮጡን። ጠዋት ጠዋት አመዳዩ እንደ ጨው ነጥቶ እግራችንን ይጠብሰናል፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው «ትንፋሽ ነው የሚያሸንፍ» ይላሉ። ቀጥለው አሮጌ ዱላዎቻችንን ጣሉ አሉን። እያንዳንዳችን ከወይራ አዲስ ቆርጠን ሰጠናቸው፤ ሁሉንም ተሸክመው ወደ ልጃቸው ቤት ወሰዱና ከምድጃው በላይ ሰቀሉት።

«አስማረ፣ አስበኸዋል?» አለኝ ይርጋ፣ ቆሎ እየቆረጠመ። «የደብሩ ዱላ በሙሉ በሚካኤል ሰው እጅ ነው ያለ። ምን እንደሚያደርገው ማን ያውቃል?»

«ጢስ ይጠግባል ነው የሚሉ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜስ ማዶ የሚሻገረው ጢስ ሊጠግብ ነው?»

ይህኛው እውነት ነበር። አንድ ቅዳሜ ተከተልኳቸው። ወንዙን ተሻግረው ወጡና ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሙ። ከሚካኤሎች አንዱ መጥቶ እጅ ነሣቸው፤ ረጅም ሰዓት አወሩ። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም። መስማትም አላስፈለገኝም፤ የፈለግሁትን አይቻለሁና ልቤ ጠቁሮ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሌላ ወይራ ቆረጥኩ። ይሄኛውን ለማንም አልሰጠሁም፤ ከጎተራው ጀርባ ደበቅሁት። በብልጠቴ ኮራሁ፤ ለይርጋ እንኳ አልነገርኩትም።

የገና ዕለት ዱላዎቹን አምጥተው አደሉን። እንደ ቡና ጠቁረው፣ ሞራ ጠጥተው ያብረቀርቃሉ። ከቆልማማው አንገት ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰች ነጥብ አለች። «ይችን ምልክት አይታችሁ ያዙ» አሉ። «ይች ያለችበት አይሰበርም። እርጥብ ወይራ ግን አይታመንም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ያታልላል።» የእኔን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ወደ መስኩ ስንወርድ ሽንቴን ልሽና ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁና ማለዳ ከጎተራው አምጥቼ ቁጥቋጦው ውስጥ ካስቀመጥኩት ዱላ ጋር ለዋወጥኩት።

እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። ያ ሁሉ ሩጫ ሥራውን ሠራ፤ ሚካኤሎች ሲያለከልኩ እኛ ገና መጀመራችን ነበር። እነሱ አንድ ጊዜ አሻገሩ፣ እኛም አንድ። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ስትደርስ ቀጥሎ ያሻገረ አሸናፊ ነው ተባለ። እሩሯ ዘላ እግሬ ሥር አረፈች። ከፊቴ ሰው የለም፤ ድንበራቸው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ባለኝ ኃይል ሰነዘርኩ። ዱላው ከአንገቱ ቀጭ አለ። እሩሯ እዚያው ተንከባለለች፤ ከሚካኤሎች አንዱ ነጠቃትና መስኩን አቋርጦ አሻገራት። ዘፈኑ ወዲያው ተነሣ።

አያ ውብነህ ቀስ ብለው መጡና ስባሪውን አነሡት። አንገቱን አገላብጠው አዩ፤ ነጥቧ የለችም። የተሰበረውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ እርጥብ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ስባሪውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት።

በቀጣዩ ሰንበት ደጀ ሰላሙ ጢም ብሏል። ይርጋ ብድግ ብሎ «ሸጦናል! የዱላውን አንገት አዳክሞ ነው የሰጠን!» አለ። ሰው አጉረመረመ። ሙሴው እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«አስማረ፣ እዚህ የጊዮርጊስ ደጅ ላይ ነህ። የተሰበረውን ዱላ የሰጠህ ማን ነው?»

አያ ውብነህ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጋቢያቸው ከጎናቸው በኩል አበጥ ብሎ ይታየኛል። ስባሪውን ቢያወጡት አለቀልኝ። የደብሩ ሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው፤ አባቴም ከፊት ተቀምጧል።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ።

እስኪያወጡት ጠበቅሁ። አላወጡትም። «ልጁ ካለ እንዳለው ነው» አሉና ወጡ።

ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ሮጬ ደረስኩባቸው። እያለቀስኩ ነበር።

«አያ፣ ለምን አላሳዩም?»

«አንተ ከዚህ ሌላ ደብር አለህ?»

«የለኝም።»

«እኔ አለኝ። ሚስቴ ማዶ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መቃብሯን ነበር የማይ። በሐሰት ወዳጁን ከሰሰ ከተባልህ ግን አንተን የሚያስገባ ሰንበቴ የለም። ገና ልጅ ነህ።» ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱና «መከተልህን ያን ቀን አይቼሃለሁ። ብትጠራኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ተሻግረው አልተመለሱም።

በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ልጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጣችልኝ። «ለአስማረ ስጭው ብሏል» አለች፤ ምን እንደሆነ አላወቀችም።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ የሰጡኝን ስግደትም ሰግጃለሁ። ለሰንበቴው ግን አልተናገርኩም። ይርጋ እስኪሞት ድረስ ገና በመጣ ቁጥር «ያ የሚካኤል ሰው ሸጦን» ይል ነበር፤ እኔም ራሴን እነቀንቅ ነበር። ዛሬ ሙሴው እኔ ነኝ። እሳቸው ያልተቀመጡበት ደጀ ሰላም ውስጥ ከላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ነገ ሰንበት ነው፤ ድግሱን የማቅረብ ተራውም የእኔ ነው። ዳቦው ተጋግሯል፤ ጠላውም ደርሷል። ስባሪውን ከቆጥ አውርጄ ከጠላው ማሰሮ አጠገብ አኑሬዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬም እንደዚያ ቀን እፈራለሁ። ለዚህ ነው እዚያ ያኖርኩት፤ ጠዋት ረሳሁት ብዬ እንዳልወጣ።