ለጸሎት የጠፋ ሞተር

ማለዳ፣ ሶዶ

የተነሳሁት አክስቴን ማርታን ከጠበላ ከተማ ማዶ ካለው መንደሯ አምጥቼ ለዓይን ሐኪም ላሳያት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች የዓይን ሞራ በነጻ ሲገፍፉ ሰንብተው ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት የደረሰ ይታከማል፤ ያልደረሰ ቀረበት። አክስቴ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ የተወለደች የልጅ ልጅ አለቻት፤ "ድምጿን እንጂ መልኳን አላውቅም" ትላለች።

ፒክአፗ ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ ለሱቄ የከብት መኖ አመላልስባታለሁ። ሰሞኑን ቁልፍ ሳዞር "ቀጭ" ትልና ዝም። አንዱ መካኒክ "ባትሪው ነው" አለኝ፤ አዲስ ገዛሁ። ሌላው "ማስነሻ ሞተሪኖው ነው" ብሎ አወረደው፣ አጥቦ መለሰው። ያው ናት። ደግነቱ ሶዶ የዳሞታ ተራራ እግር ሥር ነው፣ ቁልቁለት አይጠፋም። ማታ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ አቆማታለሁ፤ ጠዋት ፍሬን ለቅቄ በሁለተኛ ማርሽ አስነሳታለሁ። ዛሬም እንዲሁ ተነሳች። እስክመለስ ላላጠፋት ማልኩ።

ረፋድ፣ ከጠበላ ማዶ

ወደ ሁምቦ በወረድኩ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱን ሙዝ የተሸከሙ ሴቶች፣ አህዮችና ባጃጆች ይዘውታል። ከአስፋልቱ ወጥቼ በአሸዋማው መንገድ አክስቴ ቤት ደረስኩ። አገሩ ሜዳ ነው፤ እንቁላል ቢያስቀምጡበት አይንከባለልም።

አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ባሏ ጋሽ ዳና ግን፣ "አጥፊውና ግቢ እንጂ! እሳት ልትጭሪ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ከጠፋች አትነሳም።"

ከቆጮ የሚሠራው ሙቹዋ ከነዳታው፣ ከነበርበሬ ማባያው ቀርቧል። ቆሜ አንድ ሁለት ጎረስኩ፤ የጋሽ ዳና ፊት ሲጠቁር አየሁ። ይጥቆር! ይሄኔ ለጸሎት የተጠሩት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ደረሱ። መንገድ ያለ ጸሎት አይጀመርም።

"ይጸለይ፣ ሞተሩ ግን ይሥራ" ብዬ ለመንኩ።

"እግዚአብሔርን በዚህ ሁሉ ጩኸት ነው የምናናግረው?" አሉ ጋሽ ዳና፤ በመስኮት እጃቸውን ሰደው ቁልፉን አዞሩት። ሞተሩ ጭጭ አለ።

ሽማግሌው ለመንገዱ ጸለዩ፤ ለጎማው፣ ለሐኪሞቹ እጅ፣ ለእኔም ትዕግሥት። አሜን ብለን ሦስታችንም ገባንና ቁልፉን አዞርኩ።

ቀጭ።

መብራት አበራሁ፤ ቦግ አለ። መብራቱ እንደበራ ቁልፉን ሳዞር ግን ድርግም ይላል። እንግዲህ ባትሪው ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ነው መንገድ ላይ የሚቀረው። የባትሪውን ራሶች ነቀነቅኩ፣ ጥብቅ ናቸው። ሞተሪኖውን በድንጋይ መታ መታ አደረግኩት። ምንም! የመንደሩ ወንድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ አንዱ "ቤንዚን ጨርሰሽ ነው"፣ አንዱ "ካንዴላው ነው" ይላል። ገፉ፤ ጎማው አሸዋ ውስጥ ይጎተታል እንጂ አይሽከረከርም። አክስቴ ወንበሯ ላይ ሆና፣ "ሰዓቱ ስንት ሆነ?" ትላለች።

በመጨረሻ ከማረሻ የተፈቱ ጥንድ በሬዎች ተጠምደው እስከ አስፋልቱ ጎተቱን። እዚያ የመንደሩ ሰዎች ሲገፉን ተነሳች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሶዶ

ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃ እየጫኑ ነበር። "እናቴ፣ የዛሬው አልቋል" አለች ነርሷ፣ ከልቧ አዝና። መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኳት፤ አላወቀችም። ጋሽ ዳና ባርኔጣቸውን አውልቀው እያንዳንዱን ሐኪም ለመኑ። መሣሪያው ተጭኗል፣ ምን ያድርጉ?

"ጋሼ፣ አሁንም እንጸልይ?" አልኳቸው።

አክስቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። "ተይ! አንቺ ልጅ፣ ተይ!"

በማግስቱ፣ ቤት

ሁለቱም እኔ ዘንድ አደሩ። ጋሽ ዳና ማልደው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እኔ ፒክአፗ ሥር ገባሁ። ከባትሪው ወደ ሻንሲው፣ ወደ መኪናዋ አጽም፣ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፉ ድረስ ተከተልኩት። ለካስ ሰሞኑን ሻንሲው ሲቀባ የገመዱን ብሎን ቀለሙ ላይ አጥብቀውት ኖሯል! ብረት ከብረት አልተገናኘም። ፈታሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ መልሼ አሰርኩ። ይኼው ነው፤ አንድ ብሎን። መብራት በርቶ ቁልፍ ሲዞር ድርግም ካለ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱን እዩ። ከጉዞው የተማርኩት ይሄን ነው፤ ሌላውን ትምህርት ለሚችል ትቼዋለሁ። እኔ ጋሽ ዳናን ይቅር አላልኩም።

ቁልፉን አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች።

አክስቴ ድምፁን ሰምታ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች፤ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ቦርሳዋንም ይዛለች።

"እንሄዳለን እንዴ ልጄ?"

"የለም አክስቴ፣ እየሞከርኳት ነው።"

"እሰይ፣ ደህና ትሠራለች" አለችና በሩን ለማግኘት እጇን ዘረጋች።